ለዳነው ሰው የተጠመቀ ጠላ

«ልብሱን ስጪኝና እኔ አንድ ጊዜ ለቅለቅ አድርጌ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ» አሉ ወይዘሮ የኔነሽ፣ ቋጠሮውን ከብርቅዬ እጅ እየተቀበሉ።

«ታጥቧል እኮ እትዬ። እማዬ ትናንት ነው ያጠበችው፤ ተተኩሷልም።»

«አውቃለሁ የኔ ልጅ። ግን…» ወይዘሮ የኔነሽ ቋጠሮውን ወደ አፍንጫቸው አላስጠጉም፤ ማስጠጋትም አላስፈለጋቸውም። አረቄ የሚወጣበት ቤት ያደረ ልብስ ሰባት ውኃ ቢወርድበት ያው ነው። «ወንዶቹን ይሸታቸዋል። ለነሱ ከባድ ነው። እናትሽም ያንን ሥራ ብትተወው ኖሮ አባትሽ ይኸኔ ቤቱ በገባ ነበር።»

የብርቅዬ ፊት ጋለ። ያ ሸሚዝ ሲታጠብ ቁጭ ብላ ያየችው እሷ ናት። እናቷ አንገትጌውን ጣቷ እስኪላጥ ነበር ያሸችው። ለማን? ደመወዙን በየአረቄ ቤቱ ሲበትን ለኖረ ሰው! እናቷ አረቄ ማውጣት የጀመረችው እሱ የበተነውን ለመተካት፣ ልጇም ከትምህርት ቤት እንዳትቀር ብላ ነው። አሁን እሱ ታክሞ፣ ጸድቶና ጸድቆ፣ የሚስቱ ሽታ የሚከብደው ጨዋ ሆኖ አረፈው። ብርቅዬ ቆሽቷ አረረ።

ግቢው የአቶ ገመቹ ነው። አቶ ገመቹ ከወለጋ መጥተው ኮልፌ ላይ ጣውላ በመነገድ የኖሩ ሰው ሲሆኑ፣ ባለቤታቸው የኔነሽም እሳቸውም ጴንጤዎች ናቸው። ዘመኑ የደርግ ነውና ጸሎት ቤታቸው በመንግሥት ስለታሸገ ከወገኖቻቸው ጋር የሚገናኙት በየቤቱ፣ መዝሙሩንም ዝቅ አድርገው ነበር። አቶ ገመቹ አንድ የሥጋ ወንድም ነበራቸው። ከመጠጥ ታክሞ ከሆስፒታል በወጣ በሳምንቱ ጓደኞቹ «እንኳን ዳንክ» ብለው ጋበዙትና በዚያው ሞተ። ከዚያ ወዲህ አቶ ገመቹ ከሆስፒታል የሚወጡ ወንዶችን ጓሮ ባለው ሰርቪስ ቤት ያኖራሉ። ሰዎቹ ቀን ቀን በጣውላ ቤቱ ይሠራሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ ከግቢ ሲወጡ አንዱ ያለ ሌላው አይወጣም።

ማንም ሃይማኖቱን ተው አልተባለም። የብርቅዬ አባት ጥሩነህ ረቡዕና ዓርብን ይጾማል፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይስማል። ይህን ግን ሠፈሩ የት ሊሰማ! «ጥሩነህ ጴንጤ ሆነ» ብሎ ካወራ ሰንብቷል።

«ብርቄ! መጣሽ?»

ጥሩነህ መላጊያውን እንደያዘ ከጣውላ ቤቱ ወጣ። ጺሙ ተላጭቷል፣ ጉንጩ ሞልቷል፣ ፀጉሩ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ ተሰክቷል። እንዲህ አምሮበት ማየቷ ደግሞ ይባስ አናደዳት።

«እማዬ ናት የላከችኝ» አለችው ሳትስመው። «ለሚካኤል ና ብላሃለች። ስዕለት አለባት። አንተን ከመጠጥ ካወጣላት ደግሳ ልትዘክረው ተስላ ነበር።»

ጥሩነህ መላጊያውን ጣውላው ላይ አስቀመጠ። «ጠላ ጠንስሳለች?»

«ጠላውም ተጠንስሷል፣ አረቄውም ወጥቷል። ያለ መጠጥ ዝክር የት አገር አለ?»

ለሩቅ ሰው ይህ ነገር ያስቅ ይሆናል። ሰውዬው ከመጠጥ ዳነ ተብሎ መጠጥ ተጠመቀለት! ኮልፌ ላይ ግን አንድም ሰው አልሳቀም። ስዕለት ስዕለት ነው፤ ያልገባ እንደሆነ መዘዙ አይጣል ነው። ወርቄ፣ የብርቅዬ እናት፣ እንደ ሠፈርተኛው ሁሉ በሽታን የምታውቀው እንደ ወባ ነው። ያዘው፣ ሐኪም መርፌ ወጋው፣ ለቀቀው፣ አለቀ። የዳነ ሰው ደግሞ ምን ይፈራል?

አቶ ገመቹ ከጣውላ ቤቱ በር ላይ ሆነው ሰምተዋል። «ጥሩነህ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ለዚህ ገና ነህ።»

«በገዛ ቤቴ፣ በሚስቴ ስዕለት እንዴት እቀራለሁ ጋሼ? ይህማ ነውር ነው።»

አቶ ገመቹ ራሳቸውን አከኩ። «እኔ አትሂድ ብልህ ነገ የሚባለው ይታወቃል። ‹ጴንጤው ታቦት አስካደው› ይሉኛል። አንተንም ከሰው ይለዩሃል።» ወደ ብርቅዬ ዞሩ። «የኔ ልጅ፣ አንቺ ለእናትሽ ንገሪያት። ድግሱ ይደገስ፣ ስዕለቱም ይግባ። ለአባትሽ ግን መጠጥ የሚባል እንዳይቀዱለት። ካንቺ አፍ ከሆነ ትሰማለች።»

«ራሱ ለምን አይነግራትም?» ብርቅዬ ድምፅዋ ከፍ አለ። «እግር የለውም? ለመጠጥ ቤቱ ጊዜ እግሩ መች ደክሞት ያውቃል?»

«ብርቄ…» አለ ጥሩነህ።

«እኔ የማንም መልእክተኛ አይደለሁም!»

በሩን በርግዳ ወጣች። መንገዱን ሙሉ ከራሷ ጋር ስትጣላ ሄደች። ይሂድ! ይምጣ! ይጠጣ! ይህ ሁሉ «ተለወጠ፣ ተለወጠ» የሚሉለት ሰው በሕዝብ ፊት ይንገዳገድና ሁሉም ይየው። ያኔ የማን ልብስ እንደሚሸት ይታያል። እንዲህ ስታስብ ውስጧ ቀለል አላት፤ ቀለል ስላላትም ትንሽ ፈራች፣ ግን ሐሳቧን አልለወጠችም።

ቤት ስትደርስ ወርቄ ከጋኑ አጠገብ ጎንበስ ብላ ነበር። ቀና አለች። «ምን አለሽ?»

«እመጣለሁ ብሏል።»

ወርቄ በእርጥብ እጇ አፏን ይዛ ዝቅ ባለች ድምፅ እልል አለች። ጎረቤት እንዳይሰማ ነው። ብርቅዬ ደብተሯን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች፤ አንድ ፊደል ግን አላነበበችም።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ለሃጂራ ነገረቻት። ሃጂራ የስምንተኛ ክፍል ጓደኛዋ ናት፤ አባቷ አስኮ መንገድ ላይ ሱቅ አላቸው፣ እሷም አንደበቷ ቀጥ ያለ ነው።

«ቆይ፣ ለእናትሽ አልነገርሻትም ማለት ነው?»

«ነግሬያታለሁ። ይመጣል ወይ አለችኝ፣ ይመጣል አልኳት። የቱ ጋ ነው ውሸቱ?»

«አንቺ ደግሞ አራዳ ነኝ ብለሽ ነው!» አለች ሃጂራ። «ግማሹን ውጠሽ ግማሹን አወራሽ። ይሄ ዋሾ ከመሆን በምን ይሻላል?»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ? አባትሽ ጫት እንጂ አረቄ አይነካ! በር የሰበረብሽ የለ፣ በሌሊት ጎረቤት ያባረረሽ የለ!»

«እሺ፣ አላውቅም» አለች ሃጂራ፣ ሳትቆጣ። «ግን ይወድቃል እንበል። የሚወድቀው የት ነው? እናንተ ቤት አይደል?»

ብርቅዬ እርምጃዋን አፈጠነች። ተኮራርፈው ተለያዩ። ብርቅዬ እስከ ሚካኤል ድረስ ለእናቷ ለመንገር ሦስት አራት ጊዜ አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። አንድ ጊዜ «እማዬ» ብላ ጀምራ እናቷ ቀና ስትል «ጨው የት ነው?» አለቻት። ንዴት እንዲህ ነው፤ ባለቤቱን ራሱን አፍኖ ይይዘዋል።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ታቦቱ ከገባ በኋላ ቤቱ በሰው ሞላ። ግድግዳው ሥር አግዳሚ ተደርድሯል፣ ወለሉ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል። የወርቄ የንስሐ አባት መምሬ ጌታቸው ከላይ ተቀምጠዋል። የአረቄው ቋሚ ደንበኛ ጡረተኛው ባሻ ፈቀደ፣ ኒሻናቸውን ለጥፈው ከጋኑ የማይርቅ ቦታ መርጠዋል።

ጥሩነህ ሲገባ እልልታው ቀለጠ። ብቻውን አልነበረም። በአንድ ወገን አቶ ገመቹ፣ በሌላው ወገን አብሮት የሚኖረው ገረሱ የሚባል የቀድሞ አውቶቡስ ነጂ አጅበውት ገቡና መሃላቸው አስቀመጡት። አቶ ገመቹን ሲያይ ቤተኛው ጉርምርም አለ። «ይኸኛው ደግሞ ለታቦት ዝክር ምን ሊል መጣ?» የሚል ከኋላ ተሰማ። አቶ ገመቹ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ። ብርቅዬ ጆግ ይዛ ስትደርስባቸው «ለኔ ውኃ፣ የኔ ልጅ» አሏትና ቀና ብለው አዩዋት። ነገርሻት? የሚል አስተያየት ነበር። ብርቅዬ ዓይኗን ሰበረች። አቶ ገመቹ እንዳልነገረቻት ገባቸው።

ዳቦው ተባርኮ ተቆረሰ። ለደጅ ድሆችም ወጣላቸው። ጠላው ሲቀዳ ሽታው ቤቱን ሞላው። ገረሱ ጋቢውን በአፍንጫው ላይ ጠቅልሎ ትንሽ ታገለና ድንገት ብድግ ብሎ ወጣ። አቶ ገመቹ በጥሩነህና በበሩ መካከል ዓይናቸው ተንከራተተ። ውጭ፣ መንገዱ ዳር እስከ ዳር መጠጥ ቤት ነው፤ ገረሱን ብቻውን መልቀቅ አይቻልም። በጥሩነህ ጆሮ አንድ ነገር አንሾካሹከው ገረሱን ተከተሉ።

ያን ጊዜ ወርቄ በቀንድ ዋንጫ ጠላ ሞልታ መጣች። አዲሱን ቀሚሷን ለብሳለች፣ ፀጉሯን ተሠርታለች። ብርቅዬ እናቷን እንዲህ ቆንጆ ሆና አይታት አታውቅም።

«በሚካኤል ስም» አለች ወርቄ፣ ባሏ ፊት በርከክ ብላ። «ያዳነህን አመስግነህ አንዴ ፉት በልልኝ። ስዕለቴ ይድረስ።»

ጥሩነህ እጁን አልዘረጋም። «ወርቄ፣ እኔ… ውኃ ቢሆን…»

«ምን ውኃ ነው!» አሉ ባሻ ፈቀደ። «ድነሃል አይደል እንዴ? ይህ እኮ የመልአኩ ነው፤ የተባረከ ነው፤ መጠጥ አይባልም! ወይስ እውነትም እነሱ…» ወደ በሩ፣ አቶ ገመቹ ወደወጡበት፣ በአገጫቸው ጠቆሙ።

ሁሉም ጥሩነህን ያያል። ካልጠጣ ጴንጤ ነው፣ ታቦት የካደ ነው፣ ሚስቱን በእንግዳ ፊት ያዋረደ ነው። ጥሩነህ ዋንጫውን ተቀበለ።

ብርቅዬ ጆጉን እንዳቀፈች ግድግዳው ሥር ቆማ ነበር። የጠበቀችው ሰዓት ደረሰ። እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲያፍር፣ ሲለማመጥ አያለሁ ብላ ነበር። እጁ ግን አልተንቀጠቀጠም። አባቷ ወደ ዋንጫው ሲያይ ፊቱ ቀስ ብሎ ፈታ፣ ከንፈሩ ዳር ላይ ትንሽ ፈገግታ መጣች። ያቺን ፈገግታ ታውቃታለች። ሕፃን ሆና ትወዳት ነበር፤ ከረሜላና ዘፈን ይዛ ነበር የምትመጣው። ከዚያ ጩኸቱ፣ የሚሰበረው ዕቃ፣ እናቷ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ። ይውደቅ ያለችው ብርቅዬ ራሷ ናት፣ አሁን ሲወድቅ ግን አንጀቷ አልቻለም።

ጆጉን ጣለችው። በሰው እግር ላይ ተረማምዳ ደረሰችና ዋንጫውን ከከንፈሩ ላይ ነጠቀችው፤ በሩ ላይ ቆማም ጠላውን በሙሉ ደጅ ደፋችው።

«ኧረ በስመ አብ!» አለ አንድ ሰው።

ወርቄ በሁለት እርምጃ ደርሳ በጥፊ አጮለቻት። «የታቦት ጽዋ ትደፊያለሽ? አንቺ ከይሲ! በሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ?»

«ልጅቷን አትንኪያት» አለ ጥሩነህ። ድምፁ አልጮኸም፤ ግን ሁሉም ሰማው። ከመቀመጫው ተነሥቶ ቆመ። «ባትነጥቀኝ እጠጣው ነበር ወርቄ። ከዚያ ጆጉን አምጪው እላለሁ። ከዚያ አረቄውን። ማታ ደግሞ አንቺን…» ሊጨርሰው አልቻለም። እንግዶቹ ሁሉ የሚያውቁት ነገር ነው፤ ከሱ አፍ ሲወጣ ግን ሰምተው አያውቁም።

«ድኗል አሉኝ እኮ!» አለች ወርቄ። «ሐኪሞቹ ታክሟል፣ ውሰጂው አሉኝ!»

«አልዳንኩም። እስካሁን አልጠጣሁም፤ ያለኝ ይኸው ብቻ ነው።»

ወርቄ ወደ ልጇ ዞረች። «አንቺ ታውቂ ነበር?»

«ንገሪያት ተብዬ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዲወድቅ ፈልጌ ነዋ!» ብላ ጮኸች ብርቅዬ። እንባዋ ሳታስበው ወረደ። «ሁሉም ሰው እሱን ሲያመሰግን ሰለቸኝ! አንቺን ያመሰገነ አለ? አንድ ሰው?»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። የብርቅዬን ሆድ ግን ያለ ብቅል ንዴቷ አወጣው። መምሬ ጌታቸው መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና «ስዕለቱ ደርሷል፣ ወርቄ» አሉ። «ዳቦው ተቆርሷል፣ ድሃ በልቷል። መልአኩ የጥሩነህን ነፍስ እንጂ ጠላውን አልጠየቀሽም። ልጅቷንም ተያት።»

«እኛስ አባ?» አሉ ባሻ ፈቀደ። «የኛ ጣሳ ይቀዳል ወይስ እሱም ይደፋል?»

ሁለት ሦስት ሰው ሳይወድ በግዱ ሳቀ። ድግሱም እንደምንም ተንፏቆ አለቀ፤ ግን የዘፈነም፣ የቆየም አልነበረም።

እንግዳው ሲበተን ብርቅዬ እናቷን ከጓሮ አገኘቻት። ወርቄ የአረቄው ማውጫ አጠገብ በአዲሱ ቀሚሷ አመድ ላይ ተቀምጣለች።

«ሁሉም ቅዱስ ሆነ» አለች ቀና ሳትል። «እሱ ታከመ፣ ገመቹ አስታመመ። አንቺም ጽዋ ደፍተሽ ከሞት አዳንሽው። እኔ ብቻ ሽታ ሆኜ ቀረሁ። ያጠብኩትን ልብስ ደግመው እንደሚያጥቡት፣ ሥራውን ትተወው እንደሚሉ ያልሰማሁ መሰለሽ? ይህን ሥራ ማን አስጀመረኝ? ወድጄ ነው ጭስ የምበላው?»

ብርቅዬ ከጎኗ ተቀመጠች። የራሷን ንዴት ነበር ከእናቷ አፍ የሰማችው፤ ሳትቀንስ፣ ሳትጨምር።

«ተዪ ከማለታቸው በፊት» አለች ወርቄ፣ «ትቼ ምን እንደምበላ፣ አንቺንስ በምን እንደማስተምር ይንገሩኝ።»

«እነግራቸዋለሁ። ዛሬውኑ፣ ቃል በቃል።»

ወርቄ ልጇን አየቻት፤ በጥፊ የመታቻትን ጉንጭ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችላት። ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈችና ወደ ቤት ገባች። ጥሩነህ አግዳሚዎቹን እየሰበሰበ ነበር።

«ዛሬ እዚሁ እደር» አለችው። «በቃ፣ ቤትህ ነው። ጋኖቹን ጓዳ አስገብቼ እቆልፋለሁ።»

የጥሩነህ ዓይን ሞላ። ወደ አልጋው አየ፣ ከዚያ ወደ ብርቅዬ። ማደር መፈለጉ ከፊቱ ይነበባል። ብርቅዬም ፈልጋለች፤ ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ፣ ከመናደዷም በላይ፣ በየቀኑ የፈለገችው ይህንኑ ነበር። ነገ ስትነሣ አባቷ ከአልጋው ላይ ሲያስል መስማት ብቻ።

«አይሆንም» አለች።

«አንቺ ደግሞ ማን ነሽና!» አለች ወርቄ።

«ቁልፍ የሚያቆመው ቢሆን ድሮም ቆልፈሽበት ነበር እማዬ። የአረቄውን ገንዘብ የቆለፍሽበትን ሣጥን እንዴት እንደሰበረው አይተሻል።» ወደ አባቷ ዞረች። «ተነሥ፣ ጋሽ ገመቹ ገረሱን ይዘው እንደሄዱ ቀርተዋል፤ ሳይመሽ እኔ ላድርስህ። ብቻችሁን አትውጡ አይደል ሕጋችሁ?»

ጥሩነህ አግዳሚውን አስቀመጠና ኮቱን አነሣ። ወርቄ አልከለከለችውም፤ የተረፈውን ዳቦ ቆርሳ በወረቀት ጠቅልላ ኪሱ ውስጥ ከተተችለት።

ፀሐይዋ ወደ ዘነበወርቅ በኩል አዘቅዝቃለች። በዓል ስለሆነ ከየጠላ ቤቱ ዘፈንና ጭብጨባ ይወጣል። አባትና ልጅ ጎን ለጎን ጥቂት ሄዱ።

«ተቀይመሽኛል?» አላት።

«አዎ።»

«እስከ መቼ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ገና አልወጣልኝም።»

ጥሩነህ «ልክ ነሽ» አለ፤ ሌላ ነገር አልጨመረም። እሷም ይህን ወደደችለት፣ ግን አልነገረችውም።

ከፊታቸው ከአንዱ በር ላይ አንድ ሰው ጣሳውን ከፍ አድርጎ ተጣራ። «ጥሩነህ! እንኳን ዳንክ! ግባ እንጂ፣ ምን ታልፋለህ?»

የጥሩነህ እርምጃ ዘገየ። ብርቅዬ ዞራ በበሩና በሱ መካከል ገባች፣ የኮቱን እጅጌ ጥርቅም አድርጋ ያዘች።

«መንገደኛ ነን!» ብላ መለሰች ለሰውዬው። እጅጌውንም ሳትለቅ፣ ፊቷንም ሳትፈታ፣ አባቷን ይዛ አለፈች።